ኢንዶስኮፒው «ንጹሕ ነው» ብሎ ሕመሙ ካልቆመስ? ነርቭ ሲጎዳ ሆድ ላይ የሚሆነውና የሚታወቅበት መንገድ

እኛ አገር ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፦ «ጨጓራ»። አቃጠለኝ? ጨጓራ ነው። ነፋኝ? ጨጓራ ነው። አቅለሸለሸኝ? እሱም ጨጓራ ነው። ከዚያ ፋርማሲ ጎራ ተብሎ ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ ተልባ ይጠጣል፣ በርበሬ ይቀነሳል። ብዙ ሰው በዚህ ይሻለዋል።

የማይሻላቸው ግን አሉ። መድኃኒቱን ጨርሰዋል፣ የባክቴሪያውን ሕክምና ሁለት ሦስቴ ወስደዋል፣ ኢንዶስኮፒ ታይተው «ምንም የለም» ተብለዋል። አሁንም ግን ጥቂት ጎርሰው ጥግብ ይላሉ፤ ማታ የበሉትን ጠዋት ያስመልሳሉ። ቤተሰብ «ጭንቀት ነው» ይላል። ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» ይላል። ታማሚው ራሱ «ምናልባት እያካበድኩ ይሆን?» ማለት ይጀምራል።

ከእነዚህ ሰዎች የአንዳንዶቹ ችግር ቁስለትም አሲድም አይደለም። ሆድን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ተጎድቶ ነው። ለምን ይታለፋል? ሲጠረጠርስ በምን ይረጋገጣል? በተለይ የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁ ስኳር ያለባቸው፣ ይሄን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

🔹 ሆድ ነርቭ አለው እንዴ?

አለው፣ ያውም ብዙ። ከጉሮሮ እስከ ፊንጢጣ ባለው ረጅም ቱቦ ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሴሎች አሉ። ከላይ ደግሞ ከአንጎል ግንድ ተነስቶ፣ በአንገትና በደረት አልፎ ሆድ የሚደርስ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። ሁለቱ ተባብረው ምግብ መቼ እንደሚፈጭ፣ መቼ እንደሚገፋ፣ መቼ ቆም እንደሚል ያዛሉ። እኛ ሳናስበው ማለት ነው።

ጨጓራን እንደ ከረጢት ብቻ አትዩት፤ ወፍጮም ነው። ምግብ ሲገባ የላይኛው ክፍሉ ዘና ብሎ ቦታ ይሰጣል። የታችኛው ክፍል በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል እየተኮማተረ ይፈጫል። ምግቡ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ካደቀቀው በኋላ በመውጫው በር በኩል ጥቂት በጥቂት ወደ ትንሹ አንጀት ይለቀዋል።

ነርቮቹ ሲጎዱ ይሄ ቅንጅት ይፈርሳል። ወፍጮ ቤት መብራት ሲጠፋ አስቡት፦ ድንጋዩ ደህና ነው፣ ቀበቶው ደህና ነው፣ እህሉ ግን እዚያው ቆሟል። ምግብ ሳይፈጭና ሳይተላለፍ ጨጓራ ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል። ሐኪሞች ይሄን ጋስትሮፓሬሲስ ይሉታል። በአማርኛ «የጨጓራ መስነፍ» ብንለው ይገልጸዋል።

🔹 ነርቩን ምን ጎዳው?

በደንብ ከሚታወቁት ምክንያቶች ዋናው የስኳር ሕመም ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል። እግር ላይ ሲሆን እናውቀዋለን፤ ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል፣ ይወጋል። ያው ጉዳት ግን እኛ የማናዛቸው የውስጥ አካላት ነርቮች ላይም ይደርሳል፦ ልብ፣ ፊኛ፣ ጨጓራ፣ አንጀት። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሕመሙ ከጀመረ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በተለይ ስኳሩ ሳይቆጣጠር የቆየ ሰው ላይ ነው።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። በጨጓራ ወይም በምግብ ቧንቧ ላይ የተደረገ ቀዶ ሕክምና የቬገስን ነርቭ ሊነካው ይችላል። ፓርኪንሰን የመሰሉ የነርቭ በሽታዎች አሉ። ከቫይረስ ሕመም በኋላ የሚመጣም አለ። ብዙ ታማሚዎች ላይ ደግሞ ምክንያቱ ጨርሶ አይገኝም።

🔹 ምን ምልክት ያሳያል?

▪️ ጥቂት በልቶ ቶሎ መጥገብ
▪️ ከበሉ ከሰዓታት በኋላም «አሁን የበላሁ ነው የሚመስለኝ» የሚል ስሜት
▪️ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ በተለይ ከብዙ ሰዓት በፊት የተበላ ምግብ መልኩን ሳይለውጥ ሲወጣ
▪️ የላይኛው ሆድ መነፋት ወይም ሕመም
▪️ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ክብደት መቀነስ

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ፍንጭ አለ። ስኳሩ ያለ ምክንያት ይዋዥቃል። መርፌውን በሰዓቱ ወጋ፣ ምግቡን በላ፣ ግን ብዙም ሳይቆይ ስኳሩ ወረደ፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ። ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ስኳሩ ወደ ላይ ተተኮሰ። ምን ሆነ? ኢንሱሊኑ በሰዓቱ ሥራ ጀመረ፤ ምግቡ ግን ጨጓራ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ደም አልደረሰም። በኋላ ሲለቀቅ ደግሞ ኢንሱሊኑ አልቋል። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ «አመጋገብህን አታስተካክልም» ተብሎ ይወቀሳል። ጥፋቱ ግን የእሱ ላይሆን ይችላል።

የስኳር መውረድ ሰውን ራሱን ሊያስት፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣ ይችላል። ጉዳዩን «የሆድ ነገር» ብሎ ማለፍ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

🔹 ታዲያ ለምን ይታለፋል?

አንደኛ፣ የባክቴሪያው ምርመራ ያዘናጋል። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ አገራችን ውስጥ እጅግ ብዙ ሰው ሆድ ውስጥ አለ። አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» መባል ባክቴሪያው አለ ማለት ነው እንጂ ለሕመሙ ተጠያቂው እሱ ነው ማለት አይደለም። በዚያ ላይ በደም የሚታየው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ባክቴሪያው ታክሞ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ሰው በዚህ ምክንያት ያንኑ ሕክምና ደጋግሞ ይወስዳል።

ሁለተኛ፣ ኢንዶስኮፒ ካሜራ ነው። ቁስለት ያያል፣ እብጠት ያያል፣ ካንሰር ያያል፣ የተዘጋ በር ያያል። ነርቭ ግን አያይም። የመንገድ ፎቶ አንስታችሁ መኪናው በስንት ፍጥነት እንደሚሄድ ማወቅ እንደማትችሉት ማለት ነው። «ንጹሕ ነው» የሚለው ውጤት ትልቅ የምሥራች ነው፤ ከባድ ከባድ ነገሮችን አስወግዷል። ግን «ምንም አልታመምክም» ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ እኛ ራሳችን አንናገርም። ለሆዳችን የምንሄደው አንድ ክሊኒክ፣ ለስኳራችን ሌላ ክሊኒክ ነው። የሆዱ ሐኪም ስለ ስኳሩ ካልሰማ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው አይኖርም።

🔹 ምርመራው ደረጃ በደረጃ

ደረጃ 1፦ ጥያቄ። ምን ተበላ፣ መቼ ተመለሰ፣ ስኳር ስንት ዓመት ሆነው፣ ምን መድኃኒት ይወሰዳል? ይሄ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ነገር የሚፈታው እዚህ ጋ ነው። ምክንያቱም ነርቭ ሳይጎዳ ጨጓራን የሚያዘገዩ ነገሮች አሉ፦

▪️ እንደ ትራማዶልና ሞርፊን ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች
▪️ አንዳንድ የድብርትና የአለርጂ መድኃኒቶች
▪️ ኦዘምፒክን የመሰሉ የስኳርና የክብደት መቀነሻ መርፌዎች። እነዚህ ከሚሠሩባቸው መንገዶች አንዱ ጨጓራን ማዘግየት ነው
▪️ ጫት። በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ጫት መቃም ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት እንደሚቀንስ ታይቷል
▪️ በዚያው ሰዓት ከፍ ያለ የደም ስኳር። ነርቩ ደህና ቢሆንም ስኳር ሲንር ጨጓራ ይዘገያል

ሜትፎርሚንም በተለይ ሲጀመር ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ያመጣል። እሱ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው እንጂ የነርቭ ጉዳት አይደለም። በራሳችሁ ግን አታቁሙት፤ ሐኪሙ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊቀይረው ይችላል።

ደረጃ 2፦ ያለ ውድ ማሽን የሚታይ ምርመራ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ሆድ ላይ አድርጎ ታማሚውን ቀስ አድርጎ ይወዘውዘዋል። ከበሉ ብዙ ሰዓት አልፎ ውስጥ የውኃ መንቦጫረቅ ድምፅ ከተሰማ ጨጓራው አልተራገፈም ማለት ነው። ቀጥሎ የደም ግፊት ተኝቶ፣ ከዚያ ተቆሞ ይለካል። በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ግፊትን የሚቆጣጠሩት ነርቮች ተጎድተው ሊሆን ይችላል። የልብ ምትም አለ፦ በደቂቃ 6 ጊዜ በጥልቀት ስንተነፍስ የጤነኛ ልብ ምት ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ልዩነቱ በጣም ከጠበበ የነርቭ ጉዳት ፍንጭ ነው። የእግር ስሜትም ይታያል። እነዚህ የጨጓራን መዘግየት ብቻቸውን አያረጋግጡም። ነገር ግን የአንድ ቤት ሽቦ አንዱ ክፍል ውስጥ ከተቃጠለ ሌላውንም ክፍል መፈተሽ ተገቢ ነው።

ደረጃ 3፦ ደም። የስኳር መጠንና የ3 ወር አማካዩ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን፣ የኩላሊት ሥራ፣ የደም ማነስ፣ እንደ ፖታሲየም ያሉ ማዕድናት። የሚወልዱበት ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች የእርግዝና ምርመራም ይታያል። ማቅለሽለሽ እኮ ከሆድ ብቻ አይመጣም።

ደረጃ 4፦ መንገዱ ተዘግቷል ወይ? ይሄ መዘለል የለበትም። የቆየ ቁስለት ጠባሳ የጨጓራን መውጫ ሊዘጋው ይችላል፤ ካንሰርም እንዲሁ። ምልክታቸው ከነርቭ ጉዳት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። ስለዚህ ኢንዶስኮፒ ይደረጋል። እንደ ሁኔታውም አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ይጨመራል።

ደረጃ 5፦ ፍጥነቱን መለካት። መንገዱ ክፍት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ጥያቄው ይቀየራል፦ ምግቡ በስንት ሰዓት ያልፋል?

🔹 እንቁላል በልቶ 4 ሰዓት መጠበቅ

ለዚህ ጥያቄ ዋናው መለኪያ የሚገርም ቀላልነት አለው። ታማሚው ሳይበላ አድሮ ጠዋት ቁርስ ይሰጠዋል፦ የእንቁላል ነጭ፣ ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ ማርማላታና ውኃ። እንቁላሉ ውስጥ ቴክኒሺየም 99ኤም የሚባል እጅግ ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተቀላቅሏል። ኃይሉ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ ይጠፋል። ከዚያ ልዩ ካሜራ ፊት ይቆማል፤ ልክ እንደበላ፣ ከ1 ሰዓት፣ ከ2 ሰዓትና ከ4 ሰዓት በኋላ ምስል ይነሳል።

ከ4 ሰዓት በኋላ ከምግቡ ከ10 በመቶ በላይ ጨጓራ ውስጥ ከቀረ ዘግይቷል ይባላል። በ2ኛው ሰዓት ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ መቅረት የለበትም። ቁርሱ በየአገሩ አንድ ዓይነት የሆነው ቁጥሩን ለማወዳደር እንዲመች ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሆድ እንቅስቃሴና የኒውክሌር ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበራት ይሄን አሠራር ወጥ መመሪያ አድርገውታል።

ማወቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ 4 ሰዓቱ መሞላት አለበት። በ1 ሰዓት ወይም በ2 ሰዓት የተቋረጠ ምርመራ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ሁለተኛ፣ ዝግጅት አለው። ጨጓራን የሚያዘገዩም ሆኑ የሚያፈጥኑ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ቢያንስ ለ2 ቀን ይቆማሉ፣ ጠዋት ሲጋራ አይጨስም፣ ስኳር ከ275 በታች መሆን አለበት። ያለዚያ የተለካው ነርቩ ሳይሆን የዕለቱ ስኳር ይሆናል።

ሌላም አማራጭ አለ፦ የትንፋሽ ምርመራ። ጨረር የሌለው ካርቦን 13 ያለበት ምግብ ተበልቶ በየተወሰነ ሰዓቱ ትንፋሽ ይሰበሰባል። ምግቡ አንጀት ደርሶ ሲፈጭ ካርቦኑ በትንፋሽ ይወጣል፤ ከዘገየ ጨጓራው ዘግይቷል።

🔹 እኛ ጋር ይሄ አለ ወይ?

እውነቱን እንነጋገር። የኒውክሌር ሕክምና ክፍል አገራችን ውስጥ በጣቶች የሚቆጠር ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ሰው ይበልጥ ይርቃል። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ያላችሁ ግን ሐኪማችሁን በቀጥታ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ካሜራው ከሌለስ? ሐኪሞች ባለው ይሠራሉ። ሳይበላ ያደረ ሰው ኢንዶስኮፒ ሲደረግለት ጨጓራው ውስጥ የትናንት ምግብ ከተገኘና መውጫው ክፍት ከሆነ ጠንካራ ፍንጭ ነው። ባሪየም ተጠጥቶ የሚነሳ ራጅም ይረዳል። ከዚያ ታሪኩ፣ የእግሩ ስሜት፣ የግፊቱ መውረድ፣ የስኳሩ መዋዠቅ አንድ ላይ ሲደመሩ ሐኪሙ የሙከራ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። የመጨረሻው ማረጋገጫ ባይሆንም «ምንም የለም» ተብሎ ከመመለስ እጅግ ይሻላል።

🔹 ጨጓራ ብቻ አይደለም

ያው የነርቭ ጉዳት ሌላ ቦታ ሲሆን ሌላ መልክ ይይዛል።

የምግብ ቧንቧ ላይ፦ በታችኛው በር አካባቢ ያሉ ነርቮች ሲጠፉ በሩ አልከፈትም ይላል። አካሌዢያ ይባላል። ምግብም ውኃም ደረት ላይ ይቆማል። ብዙ ጊዜ «ቃር ነው» ተብሎ ለዓመታት ይታከማል። የሚረጋገጠው በባሪየም ራጅና በቧንቧው ውስጥ ያለውን ግፊት በሚለካ ምርመራ ነው።

አንጀት ላይ፦ የቆየ ስኳር ያለበት ሰው ከባድ ድርቀት፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። አንዳንዴ ሁለቱ ይፈራረቃሉ።

ጨቅላ ሕፃን ላይ፦ አንዳንድ ልጆች የትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ ነርቭ ሳይኖራቸው ይወለዳሉ። ሂርሽስፕረንግ ይባላል። አራስ ልጅ በተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ ካላወጣ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ከፊንጢጣ በላይ ካለው አንጀት ትንሽ ናሙና ተወስዶ ይረጋገጣል፤ በቀዶ ሕክምናም ይታከማል።

🔹 ታውቆስ ምን ይለወጣል?

ብዙ ነገር። በመጀመሪያ ምክሩ ይገለበጣል። «ጎመን ብላ፣ ጥሬ አትክልት አብዛ፣ ጥራጥሬ ይሻልሃል» የሚባለው ለብዙ ሰው ጥሩ ነው። ለሰነፈ ጨጓራ ግን ገለባማ ምግብ ይከብደዋል፤ እዚያው ተጠራቅሞ እንደ ድንጋይ ሊጠነክርም ይችላል። ቅባትም ያዘገየዋል፤ ክትፎና ጥብስ እዚህ አይመከርም። የሚሻለው ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፣ ለስላሳ ወይም የተፈጨ ምግብ፦ ሾርባ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ ስኳር ያልገባበት አጥሚት።

ሁለተኛ፣ የኢንሱሊን ሰዓት ይስተካከላል። አንዳንድ ሰው ከምግብ በፊት ሳይሆን በኋላ እንዲወጋ ሊደረግ ይችላል። ይሄ የሐኪም ውሳኔ ነው፤ በፌስቡክ ጽሑፍ አይቀየርም። እኛንም ጨምሮ!

ሦስተኛ፣ መድኃኒት አለ። ብዙዎቻችሁ ፕላሲል በሚለው ስሙ የምታውቁት ሜቶክሎፕራማይድ ጨጓራን ያንቀሳቅሳል። ግን ረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የፊትና የምላስ እንቅስቃሴ ሊያመጣ ይችላል፤ አንዳንዴም አይመለስም። ለዚህ ነው ከ12 ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ የሚመከረው። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ እየገዙ መዋጥ አይሆንም።

የተጎዳን ነርቭ ወደ ነበረበት መመለስ ከባድ ነው። ስኳርን መቆጣጠር ግን ጉዳቱ እንዳይሰፋ ይረዳል።

🔹 ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ይሄን ጻፉ

1. ለ1 ሳምንት የበላችሁትና ያስመለሳችሁበት ሰዓት
2. የስኳር ልኬት ከነሰዓቱ፣ በተለይ የወረደበትና የናረበት
3. የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ (የሳጥኑን ፎቶ አንሱ)
4. ስኳር ስንት ዓመት እንደሆናችሁ፣ እግራችሁ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ስትነሱ ያዞራችሁ እንደሆነ
5. ጫት፣ ሲጋራ፣ የክብደት መርፌ ካለ ሳትደብቁ። ሐኪም ዳኛ አይደለም
6. የምትጾሙ ከሆነ ስንት ሰዓት ሳትበሉ እንደምትቆዩ

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ስኳር አለብኝ፤ ይሄ የሆዴ ነገር ከነርቭ ጋር ይያያዝ ይሆን?» ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር የዓመታት መንከራተትን ልታሳጥር ትችላለች።

⚠️ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ውኃ እንኳ አልረጋ የሚል ትውከት፣ ሆድ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም ሲቆም፣ ስኳር ወርዶ ራስ መሳት፣ ምግብ አልዋጥ እያለ ሲሄድ፣ ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ። እነዚህ ካሉ የቤት መድኃኒት አትሞክሩ፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ይሄ ጽሑፍ ሐኪምን አይተካም፤ ለሐኪማችሁ የምትነግሩትን ነገር ያሳያችኋል እንጂ። ስኳር ያለበትና «ጨጓራዬ አልሻል አለኝ» የሚል የምታውቁት ሰው ካለ አሁኑኑ ላኩለት።